በሐራጅ የተሸጠ ዕቃ ወደ ውጭ አገር ስለ መላክ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው የጠየቀኝ ከአባሎቻችን መካከል በኢንተርኔት ሐራጅ ዕቃ መሸጥ የጀመሩ ስላሉ፣ ከእነሱም አንዳንዶቹ ወደ ውጭ አገር ሲልኩ ስለ ተጐዱ ነው። እኔም ከተጐዱት አንዱ ነኝ። ስለዚህ የማወራችሁ ከኪሴ የወጣውን ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ሐራጅ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በጋዜጣ የሚወጣው የባንክ ሐራጅ ነው፤ ቤትና መኪና የሚሸጥበት። ይኸኛው ቀለል ያለ ነው። ኢቤይ የተባለውን ገበያ ፒየር ኦሚድያር የሚባል ሰው በካሊፎርኒያ በ1995 ሲከፍተው፣ መጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ሄደ። ለተሰበረ ነገር ይህን ያህል ከተከፈለ እኛ ቤት ስንት ሀብት ተቀምጧል ማለት ነው!

እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ትርፍ ፍለጋ አይደለም። ስማቸውን እንዳላነሣ የጠየቁኝ አንዲት እናታችን እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ እድራችን የሚገባውን አድርጓል፤ አስከሬኑም በክብር አገር ቤት ገብቷል። የቀረው የሐውልቱ ወጪ ነበር። እሳቸውም ለዚህ ልጆቻቸውን ማስቸገር አልፈለጉም። አንድ እሑድ ጠርተውኝ ቡና ካጠጡኝ በኋላ ከአልጋ ሥር አንድ የሳሙና ካርቶን ጐትተው አወጡ። ውስጡ 43 ሸክላ። ሟች ከአዲስ አበባ ሲመጡ ሌላውን ዕቃ ትተው በእጃቸው ይዘዋቸው የመጡ ናቸው።

«ልጄ፣ እነዚህን የሚፈልግ ፈረንጅ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

እውነት ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ያሳተማቸው ትንንሽ ሸክላዎች ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይፈለጋሉ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዚያን ዘመን ዘፈኖቻችንን «ኢትዮጲክስ» በሚል ስም በተከታታይ አወጣ። በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ የፓሪሱም፣ የበርሊኑም፣ የቶኪዮውም ሰብሳቢ ዋናውን ሸክላ ካላገኘሁ ይላል። እዚህ ሰፈራችን ግን ለአንዱ አምስት ዶላር የሚሰጥ የለም፤ ሁሉም በስልኩ ያዳምጣል። እንግዲህ ገዢው ባሕር ማዶ ከሆነ መላክ ግድ ሆነ።

የመጀመሪያውን ሸክላ ለአንድ ፈረንሳዊ በ85 ዶላር ሸጥኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በወፍራም ፖስታ ውስጥ አንድ ካርቶን ጨምሬ ሰደድኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፎቶግራፍ መጣልኝ፤ ሸክላው ለሁለት ተከፍሏል። ገንዘቡን መለስኩ። ገንዘቡስ ይሁን፤ ግን ለእናታችን ምን ብዬ ልንገራቸው? ሟቹ ውቅያኖስ አሻግረው ሳይሰበር ያመጡትን እኔ በፖስታ ሰበርኩት!

ይኸውላችሁ፣ ጥቅል በመንገድ ላይ በሰው እጅ ብቻ አይደለም የሚያልፈው። በማሽን ላይ ይንከባለላል፣ ከከፍታ ይወድቃል፣ ሌላ ሃያ ኪሎ ይጫንበታል። ስለዚህ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሸክላውን ከሥዕላዊው ልባሱ አውጥቼ በስስ ወረቀት እጠቀልለውና ልባሱን ለብቻው ከጐኑ አደርጋለሁ። አብረው ከሄዱ ሸክላው ሲንቀጠቀጥ የልባሱን ጠርዝ ይቀደዋል፤ ሰብሳቢ ደግሞ ለልባሱም ነው የሚከፍለው። ከዚያ ከሸክላው ሰፋ ባሉ ሁለት ጠንካራ ካርቶኖች መካከል አድርጌ በፕላስተር አስራለሁ። ይህን በሣጥን ውስጥ አስገብቼ ዙሪያውን እሞላለሁ። ሣጥኑን ስትነቀንቁት ድምፅ ከሰማችሁ አልታሸገም ማለት ነው። ከ30 የሚበልጡ ሸክላዎች አሽጌአለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም አልተሰበረ።

ማሸጊያው በበዛ ቁጥር ሚዛኑ ይከብዳል፤ የፖስታው ዋጋ ደግሞ በሚዛን ነው። ትንሹ ሸክላ ብቻውን 40 ግራም ገደማ ነው፤ ከነሣጥኑ ግን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃውን ለሐራጅ ሳታወጡ በፊት አሽጋችሁ መዝኑት እንጂ በግምት የመላኪያ ዋጋ አትጻፉ። በግምት የጻፈ ልዩነቱን ከራሱ ይከፍላል። ዱሮ ቀስ ብሎ በመርከብ የሚሄድ ርካሽ መንገድ ነበር፤ የአሜሪካ ፖስታ በ2007 አስቀረው። ዛሬ ሁሉም በአውሮፕላን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ መላኪያው ከዕቃው ዋጋ እኩል ይመጣል።

«ታዲያ ከቻይና የሚመጣው ዕቃ እንዴት እንዲያ ረከሰ?» ብሎ አንድ ወንድማችን ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አገሮች አንዱ የሌላውን ፖስታ የሚያደርስበት ማኅበር በ1874 በርን ላይ ተቋቋመ፤ አገራችንም በ1908 ገብታበታለች። ተቀባዩ አገር ለማደረሻ የሚጠይቀው ክፍያ በዚሁ ማኅበር ይወሰን ስለ ነበር ከቻይና ለሚመጣ ትንሽ ጥቅል ዝቅተኛ ነበር። አሜሪካ ከማኅበሩ እወጣለሁ ብላ በ2019 ጄኔቫ ላይ ከተከራከረች በኋላ ከ2020 ጀምሮ የራሷን ዋጋ እንድታወጣ ተፈቀደላት። እኛን ትንንሾቹን ሻጮች ግን የረዳን ነገር የለም፤ እኛ የምንከፍለው የመውጫውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይኸውም የጉምሩክ ቅጹ ነው።

ወደ ውጭ የሚሄድ ዕቃ ሁሉ ምን እንደ ሆነ፣ ዋጋውና ሚዛኑ ስንት እንደ ሆነ ይጻፍበታል። «ስጦታ» ወይም «ሸቀጥ» የሚል ምልክት ማድረጊያም አለው። አንድ ገዢ ሸክላ በ120 ዶላር ካሸነፈ በኋላ «እባክህ ስጦታ ብለህ 10 ዶላር ጻፍልኝ፤ ቀረጥ እንዳልከፍል» ሲል ጻፈልኝ። ሰውየው ትሑት ነበር። እኔም ምን አለበት፣ አንድ ቃል ናት ብዬ ጻፍኩለት። ጥቅሉ መንገድ ላይ ጠፋ። መድን ገብቼ ነበር፤ መድኑ ግን የሚያውቀው ቅጹ ላይ ያለውን ነው፤ አሥር ዶላር! ገዢው ግን የከፈለው 120 ስለ ነበር 120ው ተመለሰለት። በሕጉ በኩል ካየነው ደግሞ ሐሰተኛ ማስታወቂያ የፈረምኩት እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም። ስሜና አድራሻዬ ነው ያለበት።

የሁለቱንም ሸክላ ገንዘብ ከራሴ አውጥቼ ለእናታችን ይዤ ሄድኩ። የተሰበረውን ሲሰሙ ምንም አላሉም። የሁለተኛውን ታሪክ ስነግራቸው ግን «እሳቸው በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን የውሸት ወረቀት አልፈረሙም፤ በዕቃቸው እንዴት ይፈረማል?» አሉኝ። ገንዘቡን ተቀበሉ፤ እኔም ባይቀበሉኝ ይብስብኝ ነበር።

አሁን ቀረጥ ፈርቶ ለሚጽፍልኝ ገዢ የምመልሰው አለኝ። አውሮፓ ኅብረት እስከ 22 ዩሮ ለሚያወጣ ዕቃ የነበረውን ከታክስ ነፃ መሆን ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አንሥቷል። ዋጋው እስከ 150 ዩሮ የሆነውን ዕቃ ታክስ ትልልቆቹ ገበያዎች ራሳቸው በሽያጩ ጊዜ ከገዢው ይሰበስባሉ። እንግሊዝም ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 135 ፓውንድ ላለው እንደዚሁ ታደርጋለች። እንግዲህ ገዢው ታክሱን አስቀድሞ ከፍሏል፤ የገበያው የታክስ ቁጥር ከጥቅሉ መረጃ ጋር ካልተላለፈ ግን በሩ ላይ ሁለተኛ ይጠየቃል። ቁጥሩን አትርሱ። ቅጹም በኮምፒዩተር ይሞላ፤ «ዕቃ» ወይም «ሙዚቃ» ብላችሁ አትለፉ። «ያገለገለ የሙዚቃ ሸክላ፣ አንድ» ብላችሁ፣ የዕቃውን የጉምሩክ መለያ ቁጥር ጨምሩ፤ የሸክላ 8523.80 ነው።

የመከታተያ ቁጥር የሌለው ነገር አትላኩ። ገዢው «አልደረሰኝም» ካለ መድረሱን ማሳየት ያለበት ሻጩ ነው። ይህን ሁሉ የማይችል ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ ኢቤይ አሜሪካ ውስጥ ያለ መጋዘን ድረስ ዕቃውን ላኩልኝ፣ የጉምሩኩን ሥራ እኔ እጨርሳለሁ የሚልበት አሠራር አለ። ለገዢው ይወደድበታል፤ ለጀማሪ ግን እሱን እመክራለሁ። ነጋዴ ሆኖ በቀጥታ ወደ ጀርመን የሚልክ ሰው ስለ ማሸጊያው ካርቶን እንኳ መመዝገብ እንዳለበት ልብ ይበል። ሳቃችሁ፤ እውነቴን ነው።

ስለ መመለስ አንድ ነገር ብቻ። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባበት የነበረውን ደንብ በኦገስት 29 ቀን 2025 ለሁሉም አገር ስታግድ፣ የብዙ አገሮች ፖስታ ቤቶች ወደዚህ የሚመጣ ሸቀጥ መቀበል ለጊዜው አቁመው ነበር። በዚያን ጊዜ የአንድ ኦስትሪያዊ ደንበኛዬ ሸክላ መመለሻ አጥቶ እሱ ጋ ከረመ። ስለዚህ በሸክላው ላይ ያለውን ጭረት ሁሉ አስቀድማችሁ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አሳዩ።

ከአገር ቤት የመጣ የብራና መጽሐፍ ወይም የጥንት መስቀል ያላችሁ ካላችሁ ግን እኔ ዘንድ አታምጡ። የቅርስ አዋጃችን ከባድ ነው፤ እኔም አልነካውም። የዝሆን ጥርስ አምባርም እንደዚያው።

ከ43ቱ ሸክላዎች አንዱ ተሰበረ፣ አንዱ ጠፋ፣ 28ቱ በደኅና ደርሰዋል። ሐውልቱ ባለፈው ዓመት ቆሟል፤ ፎቶግራፉን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። 12ቱ ገና አልተሸጡም። አንዱን እናታችን ከሐራጁ መልሰው ወስደውታል፤ ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ቤታችሁ ጠንካራ ካርቶን ካለ እባካችሁ አትጣሉ፤ በሚቀጥለው የወር መዋጮ ቀን ይዛችሁልኝ ኑ። ማሸግ መማር የምትፈልጉም ያን ቀን ከስብሰባው በኋላ ጥቂት ቆዩ፤ ሚዛኑን ይዤ እመጣለሁ።