የጡት ነቀርሳና የጉበት ምርመራ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንዲት ሴት የጡት ነቀርሳ እንዳለባት በተነገራት ዕለት ቤተ ዘመዱ ሁሉ «ወደ ሌላ አካል ሄዷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከአጥንትና ከሳንባ ጋራ ነቀርሳው ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ ጉበት ነውና። ጉበት ደርሶ ከተገኘ የሕክምናው ዓላማ ይለወጣል፤ በቀዶ ጥገና ነቅሎ ማዳን መሆኑ ቀርቶ በመድኃኒት ገትቶ ዕድሜን ማርዘም ይሆናል።

ታዲያ ጉበት በምን ይታያል? አልትራሳውንድ ርካሽ ነው፤ ጨረርም የለበትም፤ ነገር ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰውን እብጠት ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ሲቲ ስካን ግን ብልሃት አለው። ጉበት ከሚያገኘው ደም 75 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከአንጀት በሚነሳው፥ ፖርታል በሚባለው ደም ሥር ነው። የተዛመተው ነቀርሳ ግን በይበልጥ የሚመገበው ከጉበት ደም ቅዳ ነው። ስለዚህ በራጅ ላይ የሚነጣው መድኃኒት በክንድ ደም መልስ ተሰጥቶ 70 ሰኮንድ ያህል ሲያልፍ፥ ጤናማው ጉበት ይነጣል፤ ነቀርሳው አብዛኛውን ጊዜ ጠቆር ብሎ ይቀራል። ሥዕሉ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው፤ ቢቸኩሉ ወይም ቢዘገዩ እብጠቱ ሊሰወር ይችላል። (የደም ዝውውርን የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለም ማለት ነው።)

ሆኖም በጉበት የሚታይ ጥላ ሁሉ ነቀርሳ አይደለም። ውሃ የቋጠረ ከረጢትና ሄማንጂዮማ የሚባለው የደም ሥሮች እብጠት በጤነኞችም ጉበት ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። አንዱ በታየ ጊዜ ኤም.አር.አይ. ይታዘዛል፤ አንዳንዴም በመርፌ ናሙና ይወሰዳል፤ ቀዶ ጥገናው ይዘገያል፤ ሴትዮዋም በሌለባት በሽታ ስትጨነቅ ትሰነብታለች። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. ገና በጅምሩ ለተገኘና የመዛመት ዕድሉ አነስተኛ ለሆነ የጡት ነቀርሳ ሲቲ፥ ፔትና የአጥንት ስካን እንዳይታዘዝ መከረ።

እኔ ምክሩን እደግፋለሁ፤ እንዳለ ገልብጦ ለሚያመጣው ግን አላጨበጭብም። ምክሩ የተጻፈው ብዙ ሴቶች እብጠታቸው ገና በእጅ ሳይዳሰስ በማሞግራፊ በሚገኝበት አገር ነው። በእኛ አገር ብዙዎቹ የሚመጡት በሽታው ከገፋ፥ ብብት ከደረሰ በኋላ ነው። ደረጃው ሦስተኛ ለሆነባት፥ ወይም ቀኝ ጎኗን ለሚያማት፥ ሰውነቷ ለከሳ፥ የጉበት የደም ምርመራዋ ለተዛባ ሴት ሥዕሉ ቅንጦት አይደለም። ሲቲ በሌለበት አልትራሳውንዱ ይደረግላት፤ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝም በካርዷ ላይ «የለም» ተብሎ ሳይሆን «አልታየም» ተብሎ ይጻፍ።

ስለ ፔት ስካን ለመናገር ጊዜው አልበቃኝም፤ የምትጠይቁ ካላችሁ አሁን እቀበላለሁ።