አኮ ያስቀመጠችው ዘር



የኮሌጁ የምረቃ ጥሪ ሲደርሰኝ «በሙያህ ስላገኘኸው ስኬት ለልጆቹ አካፍላቸው» ተብዬ ነበር። ሙያዬ የሰብል ዘር ማሻሻል ነው። ስኬቱን ለሌላ ቀን ላቆየውና ሙያውን መጀመሪያ ስላሳየችኝ ሴት ላውራችሁ። አኮ እንላታለን። አያቴ ናት፤ የአራብሳ ገበሬ።

ዛሬ ጠዋት ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የመጣችሁ እስቲ እጅ አውጡ። ኧረ ብዙ ናችሁ! እንግዲህ ከመካከላችሁ የአንዱ ሳሎን የአኮ ሽምብራ ማሳ ላይ ያረፈ ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ፣ ኪራይ ልጠይቅ አልመጣሁም።

አኮ ስትዳር ከመገናኛ ወዲያ ያለው አገር ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ተዛውሮ ጄት ማረፍ ሲጀምር፣ በሬዎቹ እየበረገጉ ቀንበር ይሰብሩ እንደነበር ትነግረን ነበር። ኋላ በሬዎቹም ለመዱት፤ እሷም የቀትሩን በረራ የምሳ ሰዓት ማወቂያ አደረገችው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ከጭሰኝነት ወጡ። ድርሻው የተመዘገበው በባሏ፣ በወንድ አያቴ ስም ነው። እሱ ሲሞት ግን ማሳውም፣ ልጆቹም፣ የግብሩ ደረሰኝም በእሷ እጅ ቀሩ። ሞፈርና ቀንበር የወንድ ነው በሚባልበት አገር፣ አንዱን ዓመት ለጎረቤት የእኩል እየሰጠች፣ ሌላውን በወንፈል እያሳረሰች፣ በመካከሉ ኩበትና ቅቤ በአህያ ጭና ሾላ ገበያ እየወረደች ልጆቿን አሳደገች።

ስለ ጉልበቷ ብዙ ማለት ይቻላል፤ የገበሬ እናት ጉልበት ግን በየመድረኩ ስለሚነገር አልደግመውም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ዕውቀቷ።

ኅዳር ላይ፣ አጫጆቹ ከመግባታቸው በፊት፣ አኮ ብቻዋን ጤፉ ውስጥ ትገባለች። እኔ ቅርጫት ይዤ እከተላለሁ። ዝናብና ንፋስ ያስተኛውን አትነካም። ሳይወድቅ የቆመውን፣ እኩል የበሰለውን፣ ራሱ ረጅምና ጭፍግ ያለውን ብቻ እየመረጠች በማጭድ ትቆርጣለች። ያ ለብቻው ይደርቃል፤ ከአውድማው ጋር አይቀላቀልም፤ ቁርበት ላይ በዱላ ይወቃል። ከዚያ ከፍሬው ቆንጥራ መዳፏ ላይ ታደርግና በቀስታ እፍ ትላለች። ገለባው ይበራል፣ ቀላሉ ፍሬ ይከተለዋል። ከባዱ በመዳፏ መስመሮች ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ግራም አይሞላም፤ አኮ ግን ያንን ክብደት በእጇ ትለየው ነበር። ካማራት በኋላ ሁሉንም አበጥራ ቅል ውስጥ ትከተዋለች፤ አፉን በጭቃ መርጋ ከምድጃው በላይ ጭስ የሚደርስበት ቦታ ትሰቅለዋለች። ክፉ ዘመን መጥቶ ጎታው ሲራቆት እንኳ ያ ቅል አይወርድም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ተማርኩትና ዲግሪ ተሰጠኝ።

ይህን የምለው ለቀልድ ብቻ አይደለም። የጤፍ አበባ ደቃቅ ነው፤ በማለዳ ለአጭር ጊዜ ተከፍቶ ራሱን ያዳቅላል። በዚህ የተነሳ ሁለት ዓይነት ጤፍ በሰው እጅ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ማለዳ ተነስተው ዘዴውን አገኙት። ዛሬ ገበሬው «ቁንጮ» እያለ የሚዘራው፣ ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጤፍ የዚያ ዘዴ ፍሬ ነው። የቁንጮ አባትና እናት ግን ከላቦራቶሪ አልመጡም። ሁለቱም ከገበሬ ማሳ ከተሰበሰበ ዘር የተመረጡ ናቸው። ከየትኛዋ ሴት ቅል እንደወረዱ የጻፈ የለም።

ይህን ቀድመው የተረዱ ሰው ነበሩን፤ ዶክተር መላኩ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን፣ እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ ያለውን የአገራችንን የዘር ባንክ ለዓመታት መርተዋል። ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም፤ ገበሬው በማሳው ላይ እየዘራ፣ እየመረጠ ሲኖር ነው የሚጠበቀው ብለው ተከራከሩ፤ በተግባርም አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ያገኙት ለዚህ ነው። አኮ ይህን ሰምታ ቢሆን ኖሮ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር ተናገረ?» ትል ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ለኮንዶሚኒየሙ መሬቱ ሲፈለግ፣ ቅጽ የያዘ ወጣት ባለሙያ ወደ ግቢያችን መጣ። ዕድሜው እንደ እናንተ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ቤት ለሌለው ቤት መሥራት ነውር እንደሌለው አኮም ታውቃለች። ያኔ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997፣ መሬቱን ለቆ ለሚሄድ ገበሬ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢው በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝ ነበር። ልጁ ይህንን በደንብ አስረዳት። አኮ አዳምጣ ስትጨርስ «አሥራ አንደኛው ዓመት ላይ ምን ልበላ ነው ልጄ?» አለችው። መልስ አልነበረውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን ባለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ ገቢ ላይ አድርጎ ማባዣውን አሥራ አምስት አደረሰው፤ ለአኮ ግን አልደረሰላትም። ቢደርስላትም ስለ አሥራ ስድስተኛው ዓመት መጠየቋ አይቀርም ነበር።

ከዚያ ልጁ መመዝገብ ጀመረ፤ ማሳ በካሬ ሜትር፣ ሰብል፣ ባሕር ዛፍ፣ ቤት፣ አጥር። ሊጨርስ ሲል አኮ ገብታ ቅሉን አወረደችና ፊቱ አስቀመጠችው።

«ይኼንንስ የት ትጽፈዋለህ?»

«ስንት ኪሎ ይሆናል እማማ?»

«ኪሎ አይደለም፤ የአማቴ እናት ጀምራ ስንመርጠው የኖርነው ነው።»

ልጁ ቅጹን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። «ለዚህ ቦታ የለውም እማማ» አላት። ውሸት አልተናገረም፤ በእርግጥም ቦታ አልነበረውም። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ልጁን አልፈረድኩበትም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ግን አንዲት ገበሬ ፊት ቁጭ ብሎ «ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠይቆ እንደማያውቅ ያኔ ገባኝ።

ተመራቂዎች፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ ከጠረጴዛ ጀርባ ትቀመጣላችሁ። ባንክ፣ ጤና ጣቢያ፣ ወረዳ፣ የግል ድርጅት ይሆናል። ቅጽ ትሞላላችሁ፤ አንዳንዳችሁም ትቀርጻላችሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅጽ የመቅረጽ ዕድል የገጠማችሁ ከታች ሁለት መስመር ባዶ ተዉ። ለመሙላት ብቻ የታዘዛችሁም ጀርባውን ገልብጣችሁ ባለጉዳዩ ያላችሁን በራሱ አባባል ጻፉበት። አለቃችሁ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።

አኮ ኮንዶሚኒየሙ ሰው ሲገባበት አይታ፣ ከዚያ ጥቂት ቆይታ አረፈች። አካባቢው ዛሬ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተብሏል። ቅሉን ግን ከመልቀቋ በፊት ሰንዳፋ አጠገብ ለምትኖር ታናሽ እህቷ አስረክባው ነበር። እህቷም በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ማሳውን በከብት አስረግጣ ያንን ጤፍ ትዘራለች፤ ኅዳር ሲመጣ ደግሞ ቅርጫት የሚይዝ ልጅ አስከትላ ትገባለች። የዘንድሮው ዘር የሚበተነው ነገ ማለዳ ነው፤ እኔም ዛሬ ማታ እዚያ ማደር አለብኝ። የፕሮግራም መሪውን ንግግሬን ቀደም አድርግልኝ ብዬ ያስቸገርኩት ለዚሁ ነበር፤ የለገጣፎን መንገድ መጨናነቅ ታውቁታላችሁ።