አሮጌ መኪና ተሳቢ እንዲጎትት ስለ ማዘጋጀት

(የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



ሌሎች ጓደኞቻችን ስለ ታሪክና ስለ ሥነ ጽሑፍ በተናገሩበት መድረክ ላይ እኛ ስለ ቡሎንና ስለ ሰንሰለት ለመናገር መነሣታችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን በሻኪሶ ኑሮ መኪና የማይነካው ነገር ጥቂት ነው። ቡናው የሚወጣው፣ እህሉ የሚገባው፣ ሕመምተኛው ወደ ሐኪም የሚደርሰው በመኪና ነውና።

ለሥራው ያነሣሣን ውሃ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በቦረናና በጉጂ ቆላ ገናውም ሐጋያውም አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ፣ ከብቱ አልቆ ሰው ውሃን በቦቴ ሲጠብቅ እንደ ነበረ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ቦቴ ግን ትልቅ መኪና ስለ ሆነ በየጢሻው መንገድ አይገባም። ትንሽ ተሳቢ ከኋላው ያሠረ ፒክአፕ ግን ይገባል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ፒክአፕ ያላቸው አዛውንት ሹፌር ተሳቢ መያዣ እንድንሠራላቸው ሲጠይቁን እሺ አልን።

ጋራዦች ይህን መያዣ ጋንቾ ይሉታል። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ቡሎን፣ ባሌስትራ የምንላቸውም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ጠላት በአምስት ዓመት ተባረረ፤ የዕቃዎቹ ስም ግን በየጋራዡ ቀረ።

ላንድሮቨር መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1948 በአምስተርዳም ከተማ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት ተወዶ ስለ ነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው። ስለዚህ ይህን መኪና የሚያይ ሰው በቀላሉ ይታለላል። አካሉ ስለማይዝግ ከላይ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ ሻንሲው ግን እንደ ሣጥን ውስጡ ክፍት በመሆኑ ቀዩ ጭቃችን ገብቶ ይቀመጥና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። እኛም ከሁሉ አስቀድመን ከሥሩ ተኝተን የኋላውን መስቀለኛ ብረት በመዶሻ እየመታን አዳመጥን። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው። በስተግራ አንድ ክንድ ያህል ድምፁ ታፍኖ ስለ ተገኘ ያ ክፍል ተቆርጦ በአዲስ ብረት እስኪተካ ሥራው ሁለት ሳምንት ቆመ።

ከዚህ በኋላ ክርክር ተነሣ። አንድ በያጅ፣ «ጋንቾውን ፓራውልቱ ላይ በይጄ በአንድ ሰዓት ልጨርስላችሁ» አለን። እኛ ግን አልተቀበልነውም። ፓራውልት ግጭት ሊቀበል እንጂ ሊጎትት አልተሠራም፤ በቀጭን አሮጌ ብረት ላይ የሚወርድ የብየዳ ሙቀትም ዙሪያውን ስለሚያደክመው ስንጥቁ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ ወፍራም ሳህን አድርገን በአራት ቡሎን አሠርነው። ሣጥኑ ክፍት ስለ ሆነ ዳዶው ሲጠብቅ እንዳይጨፈለቅ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ልኩ የሆነ የብረት ቱቦ አስገባንበት። ቡሎኖቹ 8.8 የሚል ቁጥር በራሳቸው ላይ ያላቸው ናቸው። የመጀመሪያው 8 ብረቱ ከመበጠሱ በፊት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን እንደሚችል፣ ሁለተኛው 8 ደግሞ ከዚህ ኀይል 80 በመቶው ላይ ሲደርስ መሳብ እንደሚጀምር ያመለክታል። ቁጥር የሌለው ቡሎን ርካሽ ነው፤ ምን ያህል እንደሚችል ግን ሻጩም አያውቅም።

ኳሱንም መለካት ያስፈልጋል። 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ኳስ አለ፤ ሁለት ኢንች የሆነም አለ፤ ይኸውም 50.8 ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን ትንሹ ኳስ ለትልቁ በተሠራ ቆብ ውስጥ ሲገባ ይላላል፤ በኮረኮንች ላይ ደግሞ የላላ ነገር እየባሰበት ይሄዳል።

አሁን በክፍል የተማርነው የዘንግ ሕግ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሥራ የገባበትን እንንገራችሁ። ተሳቢው ባዶውን 200 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ብንጭንበት የፕላስቲኩን ክብደት ትተን 1000 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዐሥረኛው፣ ማለት 100 ኪሎው፣ በኳሱ ላይ ማረፍ አለበት። ካነሰ ተሳቢው ከኋላ ከብዶ በፍጥነት ጊዜ እንደ ዓሣ ጅራት ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ይዞ ያወዛውዛል። ከአንድ ቡና ነጋዴ ሚዛን ተበድረን የተሳቢውን ዘንግ ብናሳርፍበት 40 ኪሎ ብቻ አሳየን። ከጎማው እስከ ኳሱ ያለው ርቀት 2 ሜትር ነው። ስለዚህ 6 ጀሪካን፣ ማለት 120 ኪሎ፣ አንድ ሜትር ወደ ፊት ብናሻግር 60 ኪሎ ይጨመራል ብለን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሰብን። አሻግረን ብንመዝን ሚዛኑ ከ100 ብዙም አልራቀም። ታናናሾቻችን አጨበጨቡ፤ ነጋዴው ግን ሚዛናቸውን ቶሎ እንድንመልስ አሳሰቡን።

ይህ 100 ኪሎ በመኪናው ላይ ምን ያደርጋል? ኳሱ ከኋላ ጎማ 110 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይርቃል፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ደግሞ 109 ኢንች ወይም 277 ሴንቲ ሜትር ነው። 100ን በ110 አባዝተን ለ277 ስናካፍል 40 ኪሎ ያህል ከፊት ጎማዎች ላይ ይነሣል፤ በኋለኛው ባሌስትራ ላይ 140 ይወርዳል። መሪው የሚቀለው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ የከበደን የፍሬን ነገር ነበር። የመኪናው ፍሬን በአራቱም ጎማ የከበሮ ነው፤ ወንዝ ተሻግሮ ሲርስ እስኪደርቅ ድረስ በደንብ አይዝም። ተሳቢው የራሱ ፍሬን የለውም። መኪናው ወደ 1500 ኪሎ ነው፤ 1000 ኪሎ ሲጨመርበት ያው አሮጌ ፍሬን 2500 ኪሎ ሊያቆም ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጭነት በ20 ከሚሄደው አራት እጥፍ ጉልበት እንዳለውም ተምረናል። ቁልቁለቱን በገበያ ቀን ሰውና አህያ ሞልቶት አስቡት፤ የተፈታ ተሳቢ ሹፌር የለውም።

ስለዚህ ከ20 ጀሪካን በላይ እንዳይጫን ወሰንን። ሹፌሩ አዘኑ። «ልጆቼ፣ እዚያ የሚጠብቁኝ ሰዎች ግማሹን ውሃ ይዤ ብመጣ ምን ይሉኛል?» አሉን። መልስ አጥተን ጥቂት ዝም አልን፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው፤ 400 ሊትር ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ ለ20 ሰው ብቻ ይበቃል። በመጨረሻ ግን፣ «ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ይመላለሱ፤ ለሁለተኛው ጉዞ ነዳጅ እኛ እናዋጣለን» አልናቸው። ክፍላችን በየወሩ ከሚሰበስበው ገንዘብ ይህን ያደርጋል።

ጀሪካን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በግማሽ የተሞላ አንድ ትልቅ ታንከር ቢሆን ኖሮ ፍሬን ሲያዝ ውሃው ወደ ፊት እየተወረወረ መኪናውን ይገፋው ነበር።

ሁለት ሰንሰለቶችም ከዘንጉ ሥር ተጠላልፈው አሉ፤ ኳሱ ቢያመልጥ ዘንጉ በእነሱ ላይ ያርፋል እንጂ መሬት አይወጋም። የስቶፕና የፍሬቻ መብራት እስከ ተሳቢው ኋላ ተዘርግቷል።

መኪናው አሁን ከግቢው ዛፍ ሥር ቆሟል። ከንግግሩ በኋላ ከሥሩ ገብታችሁ ቡሎኖቹን ማየት ትችላላችሁ፤ ነጭ የለበሳችሁ ግን ቅባቱን ተጠንቀቁ። አዲስ ቡሎን ከጥቂት መንገድ በኋላ ስለሚላላ፣ ቅዳሜ ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለስ አራቱንም በቁልፍ እንደገና እናጠብቃቸዋለን።