የናና አስማኡ እህትማማችነት

አቅራቢ 1፦ እ.ኤ.አ. በ1793 የተወለደችው ናና አስማኡ፣ በዛሬዋ ናይጄሪያ የምትገኘው የሶኮቶ ሼህ የዑስማን ዳን ፎዲዮ ልጅ፣ በዐረብኛ፣ በፉልፉልዴና በሃውሳ ግጥም ትጽፍ ነበር።

አቅራቢ 2፦ እኔን የሚያስደንቀኝ እውቀቷን ለብቻዋ አለመያዟ ነው። «ያን ታሩ» የተባለውን የሴቶች ማኅበር አደራጀች።

አቅራቢ 1፦ አዎ እህቴ። ጃጂ የሚባሉት የማኅበሩ መሪዎች ግጥሞቿን በቃላቸው አጥንተው፣ ከቤት ለማይወጡት የመንደራቸው ሴቶች ያስተምሩ ነበር።

አቅራቢ 2፦ ዛሬም ለምትጽፍ ሙስሊም እህታችን ጭብጨባ ብቻ አይበቃትም። ረቂቋን በጥሞና የምታነብላት፣ ስህተቷን በፍቅር የምታርምላት፣ ልጇን ይዛ የመጻፊያ ሰዓት የምትሰጣት ጓደኛ ያስፈልጋታል።

አቅራቢ 1፦ እኛ ወንዶችም ድርሻ አለን። ናናን አባቷ አስተምሯታል፤ ወንድሟ ሙሐመድ ቤሎም ደግፏታል።

አቅራቢ 2፦ እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ቤታችሁ የምትጽፍ ካለች ዛሬውኑ «እስኪ አንብቢልኝ» በሏት።