ወረቀት ድምፅ የለውም፦ ስለ ታሪክ ድባብ



ፊደል ለይታችኋል። ስማችሁን መጻፍና ደብዳቤ ማንበብ ችላችኋል። ዛሬ የምንነጋገረው ከዚያ ቀጥሎ ስላለው ሥራ፣ ይኸውም ታሪክ ስለ መጻፍ ነው። አንባቢው እንዲፈራ፣ እንዲያዝን ወይም ደስ እንዲለው የሚያደርገው ምንድን ነው?

እኛ ዘማቾች ይህን ከዩኒቨርሲቲ ይዘን የመጣን መስሎን ነበር። በደንብ የገባን ግን እዚሁ በእናንተ መካከል ነው። እንዴት እንደ ሆነ እናጫውታችሁ።

አንድ ማታ ተማሪዎቻችን ሁሉ ከደረሰባቸው ነገር አንዱን እንዲጽፉ ጠየቅን። አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጻፉ፤ «ልጄ ታመመ። ጎባ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። በጣም ፈራሁ። በጣም አዘንኩ።» ፊደሉ አልተሳሳተም። እኛም «ጎበዝ» ብለን ምልክት አደረግንበት። ነገር ግን ስናነበው አልፈራንም፤ አላዘንንምም።

ትምህርቱ ሲያልቅ «እስቲ እማማ፣ በቃልዎ ይንገሩን» አልናቸው። እሳቸውም ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ያኔ ሪራ ነበርን። ወደ ጎባ ለመምጣት ሳነቴን ማቋረጥ ግድ ነው። ሌሊት ወጣን። ባለቤቴ ፈረሱን ይስባል፤ እኔ ልጁን በጋቢ ጠቅልዬ ፈረሱ ላይ ነኝ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ጉሙ የፈረሱን ጆሮ ሸፈነብኝ። ልጁ እስከዚያ ያቃስት ነበር። ኋላ ዝም አለ። ጋቢውን ገልጬ እንዳላየው እጄ እምቢ አለኝ። የሚሰማው ኮቴው ብቻ ነው፤ ውርጭ የያዘውን ሣር ሲረግጥ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሊሄድ የተነሣውም ሰው ቆመ። «ልጁስ?» አለ አንድ አባት።

ልብ በሉ። እማማ በቃል ሲናገሩ «ፈራሁ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡም። የፈራነው እኛ ነን።

ይህ ነገር በመጻሕፍት ቋንቋ ድባብ ይባላል። ድባብ ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋው ያጌጠ ጥላ ነው። የታሪክ ድባብም እንዲሁ ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለውም ሰው፣ አንባቢውም በአንድ ስሜት ጥላ ሥር ይሆናሉ።

ታዲያ እማማ ሲጽፉ ድባቡ የት ሄደ? ሰው ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝም ይላል፤ ፊቱም ይናገራል። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ ሰማው። ያን ጊዜ የወጋየሁ ድምፅ ብዙ አገዘ። እኛ ስንጽፍ ግን አንባቢያችን አጠገብ ሆነን ድምፃችንን ልናሰማው አንችልም። ስለዚህ የድምፅን ሥራ ቃላት መሥራት አለባቸው። ይህም በሦስት መንገድ ይሆናል።

አንደኛ፣ የስሜቱን ስም ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። በዚያ ሰዓት ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ ያሸተታችሁትን፣ እጃችሁ የነካውን ጻፉ። «ፈራሁ» ከማለት «እጄ እምቢ አለኝ» ማለት ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ለስሜቱ የሚስማማውን ምረጡ። ሳነቴ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሜዳ ነው። ከዚያ ላይ የሚነሣው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ጉም አለ፤ ጅብራ አለ፤ ፍልፈል የሚያድን ቀይ ቀበሮም አለ። ሁሉን ብትዘረዝሩ የገበያ ዕቃ ቆጠራ ይሆናል። እማማ ከዚያ ሁሉ ጉሙንና ኮቴውን ብቻ ወሰዱ።

ሦስተኛ፣ የዐረፍተ ነገሩን ርዝመት አስቡ። ሰው ሲፈራ ትንፋሹ ያጥራል፤ ዐረፍተ ነገሩም ይጠር። «ኋላ ዝም አለ» የሚለው ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ግን ሁላችንን ያዘን። ልብ ሲረጋ ደግሞ ዐረፍተ ነገሩ ቢረዝም ያምራል።

ልጁስ? ድኗል። እማማ የመልሱን ጉዞ እንዲህ ነገሩን፤ «ፀሐይዋ ጅብራው ላይ ስታበራ፣ ልጁ ከፊቴ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ፣ ቀበሮዋን በጣቱ እያሳየኝ፣ እየሳቅን ሳነቴን አለፍነው።» ሜዳው ያው ሳነቴ ነው። ድባቡ ግን ሌላ ነው። ድባብን የሚሠራው የቦታው ስም ሳይሆን የተናጋሪው ምርጫ መሆኑን ከዚህ ተማርን።

እማማ ታሪካቸውን እንደገና ጻፉት። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ሮቤ አጠገብ ስንዴ ያርሳል። ወረቀቱን ወስዶ አነበበና እናቱን «እንዲህ ነበር እንዴ?» አላቸው። ያን ሌሊት እሱ አያስታውሰውም። አባቱም አሁን በሕይወት የሉም። እናቱ ባይጽፉት ኖሮ አባቱ በዚያ ጉም ውስጥ ፈረስ እየሳቡ እንዳዳኑት ለልጅ ልጅ ማን ይነግር ነበር?

ስለዚህ ጻፉ። በኦሮምኛ አፋችሁን የፈታችሁ በኦሮምኛ ጻፉ፤ ፍርሃትም ደስታም መጀመሪያ የሚመጣው በእናት ቋንቋ ነው።

ጥያቄዎች

1. እማማ በጽሑፍ ያላሉትን፣ በቃል ግን የነገሩንን ሦስት ነገሮች አውጡ።
2. የቤታችሁን ደጃፍ ሁለት ጊዜ ጻፉ፤ አንድ ጊዜ እንግዳ በደስታ ስትጠብቁ፣ አንድ ጊዜ ክፉ ወሬ ስትጠብቁ። «ደስታ» እና «ፍርሃት» የሚሉትን ቃላት ግን አትጠቀሙ።
3. የጻፋችሁትን ለጎረቤት ሰጥታችሁ አስነብቡና ምን እንደ ተሰማው ጠይቁት።