ሳይቃጠል በቅጠል! የሊዛችሁ ዕድሜ 80 ዓመት ሳይደርስ

ለንደን ውስጥ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ንግግር። “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።



እዚህ አገር “ቤት ገዛሁ” ብሎ ድግስ የደገሰ ሁሉ ቤት አልገዛም። ፍላት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተገዛው ዓመት ነው፤ 99 ዓመት ወይም 125 ዓመት። መሬቱና ሕንፃው የሌላ ሰው ነው። ፍሪሆልደር ይሉታል፤ እኛ ባለርስት እንበለው። ዓመቱ ሲያልቅ ባለቤትነቱ ወደ ባለርስቱ ይመለሳል። የእንግሊዝ ሕግ ባለሊዙን እስከ ዛሬ “ተከራይ” እያለ ይጠራዋል። ጭሰኝነት ቀረ ያላችሁ ማን ነው?

“ታዲያ 80 ዓመት ከቀረኝ ምን አስጨነቀኝ? ያኔ እኔ የለሁ!” የሚል አይጠፋም። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ጣጣው የሚመጣው ዓመቱ ሲያልቅ ሳይሆን ከ80 በታች ሲወርድ ነው። ብዙ ባንኮች አጭር ሊዝ ላለው ቤት ብድር ለመስጠት ያመነታሉ። ባንክ ያላበደረው ገዢ ደግሞ አይገዛም። ቤታችሁ ሳይፈርስና ሳይሰነጠቅ ዋጋው ይወርዳል።

በ1980 በወጣው ሕግ መሠረት ከካውንስል የተገዙ ብዙ ፍላቶች የ125 ዓመት ሊዝ አላቸው። በ1985 የጀመረ እንዲህ ያለ ሊዝ በ2025 85 ዓመት ቀርቶታል። በዚያው ዓመት የጀመረው የ99 ዓመት ሊዝ ግን የቀረው 59 ብቻ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ!

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ለፍላት ባለሊዞች የማራዘም መብት የሰጠው የ1993 ሕግ ነው። በቀረው ዓመት ላይ 90 ይጨመራል፤ ግራውንድ ሬንት የሚሉት የመሬት ግብርም ዜሮ ይሆናል። ታዲያ በነፃ አይደለም። ባለርስቱ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ የሚቀርበትን ግብር። ሁለተኛ፣ ቤቱን መልሶ የሚያገኝበት ቀን በ90 ዓመት ስለራቀበት ካሳ። ሦስተኛውን “የጋብቻ ዋጋ” ይሉታል። ሊዙ ሲረዝም የቤቱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ከዚህ ትርፍ ግማሹ ለባለርስቱ ነው። ጋብቻው የማን እንደሆነ እንጃ፣ ጥሎሹን የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ! የ2002 ሕግ እንዳስቀመጠው ይህ ሦስተኛው ክፍያ ከ80 ዓመት በላይ ለቀረው ሊዝ አይታሰብም።

በምሳሌ እንየው። ሊዙ ረጅም ቢሆን 300,000 ፓውንድ የሚያወጣ ፍላት፣ ግብሩ በዓመት 100 ፓውንድ ነው እንበል። ለካሳው ፍርድ ሰጪዎቹ ለፍላት የለመዱትን 5 በመቶ፣ ለግብሩ 6 በመቶ ወለድ እንያዝ። 81 ዓመት ሲቀረው ክፍያው ወደ 7,300 ፓውንድ ይመጣል። 75 ዓመት ሲቀረው፣ በሊዙ ማጠር ዋጋው 7 በመቶ ወርዷል ብንል፣ ወደ 15,100 ፓውንድ ይደርሳል። በስድስት ዓመት ቸልተኝነት ከእጥፍ በላይ! ይህ የጠበቃና የቤት ገማች ሳይጨመር ነው። ከዚያም የባለርስቱን ተገቢ የጠበቃና የግምት ወጪ ሕጉ በባለሊዙ ላይ ጭኖት ኖሯል። ለእሱ ጠበቃም እናንተ ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጩኸት ፈጥሮ በ2024 አዲስ ሕግ ወጣ። ሕጉ ማራዘሚያውን 990 ዓመት ያደርጋል፣ የጋብቻ ዋጋን ይሰርዛል፣ ወጪውንም በጠቅላላው እያንዳንዱ ወገን የራሱን እንዲችል ይላል። እልል ከማለታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ስሙ። የጸደቀ ሕግ ሁሉ በዚያው ቀን ሥራ ላይ አይውልም። ለማራዘም ሁለት ዓመት ባለቤት መሆን ያስፈልጋል የሚለው ግዴታ የተነሣው ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ነው። ዋና ዋናዎቹ የክፍያ አንቀጾች ግን ተጨማሪ ደንብና የተቆረጠ ቀን የሚጠይቁ ናቸው። ባለርስቶቹም ሕጉን ተቃውመው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው በኦክቶበር 2025 ተረቱ።

እንግዲህ “እንጠብቅ ወይስ እናራዝም?” ትሉኛላችሁ። መልሱ እንደ ቀራችሁ ዓመት ነው። 81 ወይም 82 ከሆነ በተስፋ አትቀመጡ። በ1993ቱ ሕግ ዋጋው የሚሰላው ማመልከቻው ለባለርስቱ በደረሰበት ቀን ነው፤ ድርድሩ ቢጓተትም ያ ቀን አይለወጥም። ከ80 በታች ወርዳችሁ ከሆነና ለመሸጥም ሆነ ብድር ለማደስ ካልቸኮላችሁ፣ መጠበቅ ሊያዋጣ ይችላል። የክፍያው አንቀጽ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ተቆርጦ እንደሆነ ባለሙያ ጠይቁ። መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ሊዝሆልድ አድቫይዘሪ ሰርቪስ በነፃ ያማክራል።

ከሁሉም በላይ ባለርስቱ ፈገግ ብሎ “ጠበቃ ምን ያደርጋል? በእኛ በእኛ እንጨርሰው” ሲላችሁ ተጠንቀቁ። በስምምነት የሚራዘም ሊዝ ሕጉ የሚሰጠውን 90 ዓመት ላይሰጥ ይችላል፤ የቀድሞው ግብርም እስከ ቀድሞው ዘመን ማብቂያ ሊቀጥል ይችላል። ርካሽ የመሰለው በኋላ ይወደዳል። ማመልከቻ ካስገባችሁም ቀን ቁጠሩ። ባለርስቱ መልስ ሰጥቶ በዋጋ ካልተስማማችሁ፣ መልሱ በተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ ትሪቡናል ካልሄዳችሁ ጥያቄያችሁ እንደተተወ ይቆጠራል።

“እኔ አዲስ አበባ ቤት አለኝ” ብላችሁ የምትጽናኑም አላችሁ። የመጀመሪያው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 80/1986 የወጣው በዚያው በ1993 ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ሰጥቶ፣ ዘመኑ ሲያበቃ በጊዜው በሚኖረው የሊዝ መነሻ ዋጋ ይታደሳል አለ። ያ ዋጋ ስንት እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። በዚያ ሥርዓት 99 ዓመት የሞላው ቤት ገና ስለሌለ፣ ሂሳቡ ለልጅ ልጆቻችን ተቀምጧል።

የዛሬ ማታ የቤት ሥራችሁ አንድ ነው። ከሣጥኑ ሥር የተቀመጠውን የሊዝ ውል አውጡና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ መቼ ጀመረ፣ ስንት ዓመት ነበር፣ ግብሩ ስንት ነው? ከዚያ ቀንሱ። የመጣው ቁጥር ወደ 80 የተጠጋ ከሆነ ሰኞ ጠዋት ጠበቃ ጋ ደውሉ። ባለርስቱ ይህን ቁጥር ያውቀዋል፤ ዓመቱ ሲቀንስ እሱ ነው የሚጠቀመው።