የተራራ ደስታና የተራራ ሸክም
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በማሌዥያ አገር፣ በቦርኒዮ ደሴት፣ በሳባ ግዛት ስለሚገኘው የኪናባሉ ተራራ ነው። ከፍታው 4095 ሜትር ነው። ይህ ተራራ የእሳተ ገሞራ ሥራ አይደለም። በምድር ውስጥ የቀለጠው ዓለት ቀዝቅዞ ግራናይት ከሆነ በኋላ፣ ምድሩ ከፍ እያለ፣ ላዩን የሸፈነውም በዝናብ እየታጠበ ሄዶ ብቅ ያለ ነው። በበረዶው ዘመን ደግሞ ግግር በረዶ አናቱን ሞርዶ አለስልሶታል።

ለመዝናናት የሚመጣው ሰው ጉዞውን የሚጀምረው 1866 ሜትር ላይ ከሚገኘው ከቲምፖሆን በር ነው። በመጀመሪያ ጥቅጥቅ ያለው ደን ይቀበለዋል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ዛፉ እያጠረና እየተጣመመ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ራቁት ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ተጓዡ ፓናላባን ከሚባለው ማደሪያ አርፎ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይነሣና በዓለቱ ላይ የተዘረጋውን ገመድ እየተከተለ ፀሐይ ስትወጣ ከጫፉ ለመድረስ ይጣጣራል። መቸኮሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ረፈድ ሲል ደመና ይከባል፤ ግራናይቱም ውሃ ስለማያሰርግ ዝናብ ሲጥል ቁልቁለቱ ወዲያው ያንሸራትታል።

ነገር ግን፣ ጓደኞቻችን፣ በማደሪያው የሚበላውን ምግብ ማን አወጣው? የአካባቢው ተወላጆች በጀርባቸው ተሸክመው ነው። የተራራው ከፍተኛ ጫፍ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1851 ዓ.ም. በወጣው በእንግሊዛዊው በሂው ሎው ስም ነው። ሎው ግን ያንን ጫፍ አልረገጠም፤ መንገድ እየመሩ ያወጡትም የአገሩ ሰዎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት የምድር መንቀጥቀጥ ተነሥቶ ዓለቱ በተናደ ጊዜ 18 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ከሲንጋፖር የመጡ ሕፃናት ተማሪዎችና የተራራው መሪዎች ይገኙበታል። ከ130 የሚበልጡ ወጪዎች በላይ ታግደው ሲቀሩ፣ የተረፉት መሪዎች መንገዱ በፈረሰበት እየደገፉ አወረዷቸው።

እንግዲህ የአንዱ መዝናኛ የሌላው እንጀራ፣ አንዳንድ ጊዜም የሌላው ሕይወት ነው። እኛ ተራራ መውጣትን አንነቅፍም፤ ለአካልም ለመንፈስም ይበጃል። የምንለው፣ ከጫፍ የደረሰ ሁሉ ማን እንዳደረሰው ይወቅ፤ መሪው «እንመለስ» ሲለው ይመለስ፤ የሸካሚውንም ድካም በተገቢው ዋጋ ይክፈል ነው።